አንድ ሜትሩ የት ገባ? «ድብልቅ ቁጥር ማባዛት ይቅር» ላሉት ጸሐፊ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ሐዋሳ ውስጥ ወላጆች እየተቀባበሉ የሚያነቡት አንድ ጽሑፍ አለ። እኔ ጋ የደረሰው ከማስጠናቸው ልጆች የአንዷ እናት ልከውልኝ ነው። «ይሄ ነገር እውነት ነው እንዴ?» የሚል ጥያቄም አክለውበታል። ጸሐፊው የከተማችን ነዋሪና የልጅ አባት ናቸው። ልጃቸው ማታ ማታ የድብልቅ ቁጥር (እንደ 3½ ሙሉና ክፍልፋይ አብረው ያሉበት ቁጥር) የቤት ሥራ ይዞ ሲያለቅስ ማየት ሰለቻቸው። ብዕር ያነሡትም ለዚህ ነው።

ሐሳባቸው ባጭሩ እንዲህ ነው። 3½ን በ4½ ማባዛት ዘመን አልፎበታል፤ ስልክ አለ፣ አስርዮሽ አለ። የግድ ይማሩ ከተባለም ሙሉውን በሙሉ፣ ክፍልፋዩን በክፍልፋይ አባዝተው ይገላገሉ፤ ለኑሮ ግምት ይበቃል። ወደ ሕገወጥ ክፍልፋይ (እንደ 7/2 ላዕሉ፣ ማለትም የላይኛው ቁጥር፣ ከታህቱ፣ ከታችኛው፣ የሚበልጥበት) መለወጥ የሚባለው ሽምደዳ ነው። ከማባዛት በፊት የጋራ ታህት ይፈለግ፣ ማጣፋት (ላይና ታች ያሉትን ቁጥሮች ለጋራ አካፋያቸው አካፍሎ ማሳነስ) ደግሞ እስከ መጨረሻው ይቆይ። ማባዛት ማለት ማብዛት ስለሆነ መልሱ የሚያንስበት ጥያቄ ለልጅ አይሰጥ። በመጨረሻም ድብልቅ ቁጥር አልጀብራ ሲመጣ ራስ ምታት ነው።

ብዙ ነው። የልጁ ለቅሶ ግን እውነት ነው፤ እኔም በየቤቱ የማየው ነው። የማልስማማው ባዘዙት መድኃኒት ነው። በጻፉት ቅደም ተከተል አልሄድም። ጉዳቱ ከሚብስበት ልጀምር።

«ሙሉውን በሙሉ፣ ክፍልፋዩን በክፍልፋይ»

ምሳሌያቸው 3½ × 4½ ነው። በእሳቸው መንገድ 3 × 4 = 12፣ ½ × ½ = ¼፣ መልሱ 12¼። ትክክለኛው መልስ 15¾ ነው። 3½ ጠፍቷል። ለግምት ይበቃል የተባለው እንግዲህ ይህ ነው።

ቁጥር ብቻውን ሲታይ አይጮህም። ስለዚህ ወለል ላይ እናውጣው። ወርዱ 3½ ሜትር፣ ርዝመቱ 4½ ሜትር የሆነ ሳሎን አለ እንበል። ባለ ካሬ ደብተር አውጡና ሣሉት። እያንዳንዱ ካሬ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር ይሁን። 3 በ4 የሆነ ትልቅ አራት ማዕዘን ይወጣል፤ 12 ሙሉ ካሬ። በረጅሙ ጎን 4 ግማሽ ካሬዎች ይደረደራሉ፤ ሲገጣጠሙ 2 ካሬ ናቸው። በአጭሩ ጎን 3 ግማሾች አሉ፤ 1½ ካሬ። ጥጉ ላይ ግማሽ በግማሽ የሆነች ቁራጭ ትቀራለች፤ እሷ ሩብ ካሬ ናት። 12፣ 2፣ 1½ እና ¼። ድምሩ 15¾ ካሬ ሜትር።

የጸሐፊው መንገድ ትልቁን አራት ማዕዘን ይወስዳል፣ የጥጓን ቁራጭ ይወስዳል፣ ሁለቱን ጎኖች ግን ይጥላል። ትንሿን አንሥቶ ትልልቆቹን መጣል!

ቆይ፣ የባሰም አለ። 3½ በ3½ የሆነ መኝታ ቤት ስፋቱ ስንት ነው? ሥሩት። 9፣ 1½፣ 1½ እና ¼። ድምሩ 12¼። አዎ፣ ያው 12¼! በጸሐፊው ሒሳብ ሳሎኑና መኝታ ቤቱ እኩል ሆነው ቁጭ አሉ። ከሳሎኑ ርዝመት አንድ ሜትር ሙሉ ተቆርጦ ሄዷል። በዚህ ስሌት ሴራሚክ የገዛ ሰው ከግድግዳ እስከ ግድግዳ አንድ ሜትር ወለል ባዶ ይቀርበታል። ተመልሶ ሱቅ ሲሄድ ደግሞ ያው ቀለም አልቋል ሊባል ይችላል። ቤት ያሠራ ሰው ይህንን አይስተውም። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ።

ጸሐፊው ቁጥሩ ትንሽ ከሆነ ስሕተቱም ትንሽ ነው ብለዋል። ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። ቁጥሩ ትንሽ በሆነ መጠን የሚጠፋው ድርሻ ይበዛል። 10½ × 10½ን ውሰዱ። በእሳቸው መንገድ 100¼፣ በእውነቱ 110¼ ነው። ወደ 9 ከመቶ ጠፋ። 1¾ × 1¾ን ደግሞ ተመልከቱ። በእሳቸው መንገድ 1 ከ9/16፣ በእውነቱ 3 ከ1/16። ግማሹ ሊጠፋ ምንም አልቀረው። ልጅ የሚሠራው ደግሞ እንዲህ ባሉ ትናንሽ ቁጥሮች ነው።

ግምት ከተፈለገ የተሻለ መንገድ አለ፤ ቀላልም ነው። 3½ × 4½ ከ3 × 4 ይበልጣል፣ ከ4 × 5 ያንሳል። ስለዚህ መልሱ በ12 እና በ20 መሃል ነው። ጠበብ ለማድረግ አንዱን ከፍ፣ ሌላውን ዝቅ አድርጉ፤ 4 × 4 = 16 ወይም 3 × 5 = 15። መልሱ 15¾ መሆኑን አስታውሱ። ይህን በቃል የሚያደርግ ልጅ 12¼ ሲወጣለት ራሱ ይጠራጠራል። ከታችኛው ድንበር ላይ ተለጥፎ የተገኘ መልስ ያጠራጥራላ!

እዚህ ላይ ለልጆቹ አንድ ነገር ልከራከር። ይህን ስሕተት የሚሠሩት ሰነፍ ስለሆኑ አይደለም። ድብልቅ ቁጥር ሲደምሩ ሙሉውን ከሙሉ፣ ክፍልፋዩን ከክፍልፋይ መደመር ለምደዋል። 3½ + 4½ ሲሉ 3 እና 4 ሰባት፣ ግማሽና ግማሽ አንድ፣ ስምንት። ትክክል ነው፣ «ራይት» ተደርጎላቸዋል። ሳምንት ቆይቶ ማባዛት ሲመጣ ያንኑ መንገድ ይዘው ይመጣሉ። ምን ያድርጉ? ያወቁትን ነው የተጠቀሙት። የመደመሩ መንገድ ለምን እንደማይሠራ ግን የሚነግራቸው ሰው ይፈልጋሉ። ሲደመር አንዱ ቁጥር ሌላውን አይነካውም። ሲባዛ ግን ሦስቱም ግማሹም ከአራቱም ከግማሹም ጋር መገናኘት አለባቸው። አራት ግንኙነት ነው። ሁለቱን ብቻ ማገናኘት ሁለቱን ማስቀረት ነው። ጸሐፊው ይህን ስሕተት አርመው በማስረዳት ፈንታ «አቋራጭ» የሚል ስም ሰጡት።

«ሕገወጥ ክፍልፋይ ሽምደዳ ነው»

በዚህ ላይ ግማሽ መንገድ እስማማለሁ። ብዙ ልጅ «ታህቱን በሙሉው አባዛ፣ ላዕሉን ደምር፣ ከላይ ጻፍ» የሚለውን እንደ ጸሎት ይወጣዋል። ለምን ሲሉት ዝም። ጥፋቱ ግን የመንገዱ ሳይሆን የአሰጣጡ ነው። የውኃ ቧንቧ ስለተዘጋ ውኃ ይቅር አይባልም።

ወደ ሳሎናችን እንመለስ። ባለቤቱ የገዛው ሴራሚክ ሃምሳ በሃምሳ ሳንቲ ሜትር ነው እንበል። ሴራሚክ የሚያነጥፈው ባለሙያ በወርዱ ስንት ይደረድራል? 3½ ሜትር ውስጥ ግማሽ ሜትር 7 ጊዜ አለ። በርዝመቱስ? 4½ ሜትር ውስጥ 9 ጊዜ። 7 × 9 = 63 ሴራሚክ። ሰውየው አንድም ክፍልፋይ ሳይጠራ ጨረሰ።

ልብ በሉ፣ ይህ ሰው የሠራው 7/2 × 9/2 ነው። 3½ን ወደ 7/2 መለወጥ ማለት በሜትር መቁጠር ትቶ በግማሽ ሜትር መቁጠር ማለት ነው። ሌላ ምሥጢር የለውም። በእያንዳንዱ ሜትር ውስጥ 2 ግማሾች አሉ፤ ሦስት ሜትር 6 ግማሽ፣ የተረፈችው አንዷ ስትጨመር 7። «ታህቱን በሙሉው አባዛ፣ ላዕሉን ደምር» የሚባለው ይህ ቆጠራ ነው። ታህቶቹን አባዝቶ 4 ማግኘትም ምክንያት አለው። አንድ ካሬ ሜትር የሚሞላው በ4 ሴራሚክ ነውና 63 ሴራሚክ ለ4 ሲካፈል 15 ደርሶ 3 ይተርፋል። 15¾። ከላይ በአራት ቁራጭ ካገኘነው ጋር አንድ ነው።

ይህን ያየ ልጅ መሸምደድ አያስፈልገውም። ቢረሳው እንኳ መልሶ ይገነባዋል። እኔ ልጆቹን መጀመሪያ የማሥላቸው ለዚህ ነው። እርሳስ፣ ማስመሪያ፣ ባለ ካሬ ደብተር። አራቱን ቁራጮች በአራት ቀለም ይቀቡታል። ሰነፍ የተባለው ልጅ ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ጎበዝ ሆኖ ይገኛል፤ እጁ ይሠራል። ሕጉን የምሰጣቸው ከዚያ በኋላ ነው። አንዳንዶቹ እንዲያውም ሳልነግራቸው ሴራሚኩን ቆጥረው ራሳቸው ይደርሱበታል።

«ታዲያ ከሁለቱ የትኛውን ይያዙ?» ለሚል ወላጅ፦ ቁጥሮቹ ትንሽ ሆነው ታህቶቹ ሲለያዩ ሕገወጥ ክፍልፋይ አስተማማኝ ነው፤ የሚረሳ ቁራጭ የለበትም። አንዱ ቁጥር ሙሉ ሲሆን ደግሞ መለወጥ ትርፍ ድካም ነው። 20 × 6¼ን ወደ 25/4 ለውጦ 500ን ለ4 ማካፈል ምን አመጣው? 20 × 6 = 120፣ የ20 ሩብ 5፣ 125። አለቀ።

«ስልክ አለ፣ አስርዮሽ አለ»

ጸሐፊው አሞራ ገደል ዓሣ ስንገዛ ማናችን ነን ድብልቅ ቁጥር የምናባዛው ብለው ጠይቀዋል። እንዴ፣ ሁላችንም ነን! ኪሎው 300 ብር ነው እንበል። ሚዛኑ 2¾ ኪሎ አለ። ሻጩ ስልኩን እስኪያወጣ አይጠብቅም። «ሦስት ኪሎ 900፣ ሩቡ 75 ይውጣ፣ 825 አምጣ» ይላል። እጁ ዓሣ ዓሣ እየሸተተ የማባዛትን የስርጭት ሕግ (ቁጥሩን ከፋፍሎ እያንዳንዱን ክፍል ማባዛትን) ሠራው። ያውም በመቀነስ! 2¾ ማለት 3 ሲቀነስ ¼ መሆኑን ያየ ሰው ነው ይህን የሚያደርገው። ይህ መንገድ ከብዙ መምህር ሰሌዳ ላይ አይገኝም፤ ቢገኝ እንዴት ደስ ባለኝ።

የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ግቡ። ግማሽ ኢንች፣ ሦስት ሩብ፣ ኢንች ተኩል ነው የሚባለው። ልብስ ሰፊ ጋ ሂዱ፤ ለአንድ ቀሚስ ሁለት ሜትር ተኩል፣ ለስድስት ሚዜ ስንት? 6 × 2 = 12፣ ስድስት ግማሽ 3፣ 15 ሜትር። ይህን ሕዝብ ድብልቅ ቁጥር አያባዛም ማለት ገበያ አለመውጣት ነው።

ከገበያም ወጣ ብለን ቀን መቁጠሪያውን እንይ። የጨረቃ ወር ወደ 29½ ቀን ነው፤ ትክክለኛው ከዚህ በጥቂቱ ይበልጣል። 12 × 29½ ስንት ነው? 12 × 29 = 348፣ 12 ግማሾች 6፣ ድምሩ 354። የፀሐዩን 365 አስቡና ቀንሱ። 11 ይቀራል። በባሕረ ሐሳብ፣ በቤተ ክርስቲያን የዘመን አቆጣጠር ስሌት፣ ጥንተ አበቅቴ (የጨረቃ ዓመት ከፀሐይ ዓመት የሚያንስበት የቀን ብዛት) 11 የሆነው በዚህ ነው። የረመዳን ጾም በየዓመቱ በ11 ቀን ገደማ ወደ ፊት እየቀደመ የሚመጣውም በዚሁ ልዩነት ነው። 4 × 365¼ ደግሞ 1461 ነው፤ አራቱ ሩቦች ተጠራቅመው አንድ ቀን ይሆናሉ፤ ጳጉሜን በዘመነ ሉቃስ 6 የምታደርገው ያቺ ቀን ናት። ሁለቱም የድብልቅ ቁጥር ብዜቶች ናቸው። በስልክ የተሠሩ አይደሉም።

ስለ ስልኩ ከተነሣ አንድ ሙከራ አድርጉ። ስልካችሁ ካልኩሌተር ላይ 3 + 1 ÷ 2 × 4 + 1 ÷ 2 ብላችሁ ጻፉ። የማባዛትንና የማካፈልን ቅድሚያ የሚያውቅ ካልኩሌተር 5.5 ይላችኋል። ስልኩ አልተሳሳተም። የታዘዘውን ነው የሠራው፤ ከመደመሩ በፊት አንድ ሁለተኛውን በአራት አባዛ፣ ከዚያ ደመረ። 3½ አንድ ቁጥር መሆኑን የሚነግረው ቅንፍ ነው፤ ቅንፍ የት እንደሚገባ የሚያውቀው ደግሞ ሰው ነው። ግምት የማያውቅ ልጅ 5.5 አይቶ አመስግኖ ደብተሩ ላይ ይገለብጠዋል።

አስርዮሽ ጥሩ ነው፤ አልጣላውም። ለግማሽና ለሩብ ፍጹም ነው። 3.5 × 4.5 = 15.75፣ ምንም እንከን የለውም። የኒውዮርክ የአክሲዮን ገበያ እንኳ ዋጋ በክፍልፋይ መጥራት ትቶ እ.ኤ.አ. በ2001 ወደ አስርዮሽ ገብቷል፤ ጸሐፊው ይህን ቢጠቅሱት ይጠቅማቸው ነበር። ግን ሲሶ ሲመጣስ? 1⅓ × 1½ በትክክል 2 ነው። 4/3 × 3/2፣ ሦስቱ ከሦስቱ ይጣፋል፣ አራት ለሁለት፣ ሁለት። በአስርዮሽ 1.33 × 1.5 ግን 1.995 ይሰጣል። ትንሽ ናት፣ እሺ። ልጁ ግን «ሁለት ነው ወይስ ሁለት ሊሆን ነው?» ብሎ ሲጠይቅ ምን እንበለው?

የጋራ ታህትና ማጣፋት

እነዚህን አብሬ ልለፋቸው። ከማባዛት በፊት የጋራ ታህት መፈለግ ስሕተት አይደለም፤ ትርፍ ሸክም ነው። 2⅔ × 1⅞ን ተመልከቱ። ወደ 8/3 × 15/8 ይለወጣል። በጸሐፊው ምክር የጋራ ታህቱ 24 ነው፤ 64/24 × 45/24 ይሆናል፤ ሲባዛ 2880/576። ይህን የሚያቃልል የስድስተኛ ክፍል ልጅ ካለ ላግኘው። ሳይደክሙ ሲሠሩት ግን 8 ከ8 ጋር ተጣፋ፣ 15 ለ3 ሲካፈል 5። መልሱ 5 ነው። 2880/576ም 5 ነው፤ ግን በስንት መከራ!

የጋራ ታህት የሚያስፈልገው ስንደምርና ስንቀንስ ነው፤ እኩል የሆኑ ቁራጮችን ለመቁጠር። ስናባዛ የምንጠይቀው ሌላ ነው፤ የአንዱን ክፍል ክፍል ነው። የሲሶ ግማሽ ስድስተኛ ነው። ማንንም ከማንም ጋር ማመሳሰል አላስፈለገም።

ማጣፋትን እናቆየው ያሉበትን ፍርሃት ግን እረዳለሁ። ልጆች ያለቦታው ያጣፋሉ። በዚያው 2⅔ × 1⅞ ላይ ገና ሳይለውጡ ከፊት ያለችውን 2 ከታህቱ 8 ጋር ያጣፋሉ። አይሆንም፤ ያቺ 2 ከ⅔ ጋር የተደመረች እንጂ የተባዛች አይደለችም። መድኃኒቱ ግን ማጣፋትን ማዘግየት አይደለም። መጀመሪያ ለውጥ፣ ከዚያ አጣፋ፣ ከዚያ አባዛ። ይኸው።

«ማባዛት ማብዛት ነው»

ይህን ነጥብ ከራሳቸው አቋራጭ ጎን አስቀምጡት። 1½ × 1½ በጸሐፊው መንገድ 1 × 1 = 1፣ ½ × ½ = ¼፣ መልሱ 1¼። ሁለቱም ተባዦች 1½ ናቸው፤ መልሱ ከሁለቱም አነሰ! ማባዛት ያበዛል ያሉን ሰው፣ የሚበዛውን ራሳቸው አሳነሱት። ትክክለኛው 2¼ ነው።

እውነቱ እንዲህ ነው። ከ1 በሚበልጥ ካባዛህ ይበዛል፣ ከ1 በሚያንስ ካባዛህ ያንሳል። 2½ ኪሎ ቆሮሶ ዓሣ ገዝተህ ግማሹን ለጎረቤት ብትሰጥ ½ × 2½፣ 1¼ ኪሎ ነው የሰጠኸው። የትኛውም ልጅ በዚህ ግራ አይጋባም። ግራ የሚጋባው «ማባዛት ሁልጊዜ ያበዛል» ተብሎ ከተነገረው በኋላ ነው። ድብልቅ ቁጥር ደግሞ ምንጊዜም ከ1 ይበልጣል። ስለዚህ ሁለት ድብልቅ ቁጥሮች ሲባዙ መልሱ ከሁለቱም መብለጥ አለበት። ይህች ብቻ ብዙ ስሕተት ትይዛለች።

አልጀብራው

ይህ የጸሐፊው ጠንካራ ነጥብ ነው፤ በግማሹ እጄን እሰጣለሁ። በአልጀብራ 2ሀ ማለት 2 ጊዜ ሀ ነው። በድብልቅ ቁጥር 2½ ማለት 2 ሲደመር ½ ነው። ጎን ለጎን መጻፍ እዚያ ማባዛት፣ እዚህ መደመር ሆነ። ልጅ ቢደናገር አይፈረድበትም። ስለዚህ ከሰባተኛ ክፍል ወዲያ 7/2 ብሎ መጻፍ ይሻላል፤ ይህን የሚያደርጉ መምህራን ልክ ናቸው።

ግን ሳሎናችን ይህንን ክርክር ይገለብጠዋል። 3½ × 4½ በግልጽ ሲጻፍ (3 + ½) × (4 + ½) ነው። አራት ቁራጭ። የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ (ሀ + ለ)² ተሰጥቶት ሀ² + ለ² ብሎ ሲጽፍ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ የማላየው ሳምንት የለም። የጣለው ምንድን ነው? ሀለ እና ሀለ፣ ሁለቱን የጎን ቁራጮች። ያው ሳሎን፣ ያው የጠፋው ጎን። አምስተኛና ስድስተኛ ክፍል ላይ በእርሳስ ሥሎ ያየው ልጅ ዘጠነኛ ክፍል ላይ 2ሀለ ከየት መጣ ብሎ አይጠይቅም። ጸሐፊው እናስቀረው ያሉት ነገር ለአልጀብራው መግቢያ በሩ ነበር።

የቤት ሥራው ብዛት ላይ ግን ከጸሐፊው ጎን ነኝ። 17 ከ11/13ን በ23 ከ5/19 አባዙ የሚል ጥያቄ ለአንድ ልጅ በምሽት ማሸከም ማባዛትን አያስተምርም፤ ትዕግሥቱን ነው የሚፈትነው። እንዲህ ያለ ሠላሳ ጥያቄ ከሚሰጥ አራት ጥያቄ ይሰጥ፤ ሁለቱ በሥዕል፣ ሁለቱ በሕገወጥ ክፍልፋይ፣ ከእያንዳንዱ በፊት ግምት ተጽፎ።

ጸሐፊው ፈቃደኛ ከሆኑ ዛሬ ማታ ለልጃቸው ይህችን አንዷን ይስጡት። ኮሪደሩ ወርዱ 1¾ ሜትር፣ ርዝመቱ 5⅓ ሜትር ነው። መጀመሪያ ይገምት፤ ከ5 በላይ፣ ከ12 በታች። ቀጥሎ አራቱን ቁራጮች ይሣል፤ 5፣ 3¾፣ ⅓ እና ¼። ከዚያ 7/4 × 16/3 ብሎ፣ 16ቱን ከ4 ጋር አጣፍቶ፣ 28/3 ይድረስ። በሁለቱም መንገድ 9⅓ ካሬ ሜትር መውጣት አለበት። በአቋራጩ 5¼ ነው የሚወጣው።